ለታናሽ እህቴ የማልሰጠው ፋብሪካ

ዛሬ ማክሰኞ፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በመኖሪያ ቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከአልጋዬ ተነሥቼ በባለ መደገፊያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ። እኔ ትልቁም ትንሹም እትዬ የሚለኝ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ባለቤት ነኝ። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን አልደከመም። ሐኪሜ መርምሮኝ አእምሮዬ ጤነኛ መሆኑን በማኅተም አረጋግጦልኛል። በዚህ ክፍል ውስጥ ከተቀመጣችሁት መካከል እንዲህ ያለ ማስረጃ በእጁ ያለ ሌላ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ጠበቃው የምናገረውን ሁሉ እንዲጽፍ፣ ሰው ጣልቃ ቢገባም የገባበትን ቃል እንዲጽፍ፣ እንዳያሳምርልኝም አዝዤዋለሁ። «እትዬ፣ ኑዛዜ አጠር ሲል ነው ደስ የሚለው» አለኝ። ይኸው፣ ይህም ተጽፏል።

ሕጉ አራት ምስክሮች ይላል። ሦስቱ በሰዓታቸው ተገኝተዋል፤ እነርሱም የሽመና ክፍሌን እስከ ጡረታው ድረስ የመራው ሹም፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፋርማሲስት፣ እኔን የምታስታምመኝ ነርስ ናቸው። አራተኛው ጎረቤቴ ጡረተኛው መምህር ነው፤ ያለ ወቅቱ ዝናቡን ያወርደዋልና እስካሁን አልደረሰም። ልጄና ምራቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ታናሽ እህቴ እንደ ልማዷ መስኮቱ ሥር ናት።

ጠበቃው ሰዓቱን ደጋግሞ ሲያይ ጊዜ ታናሽ እህቴ «አራተኛው እኔ ልሁን» አለች።

«እመቤቴ» አላት ጠበቃው ደንግጦ፣ «ምስክር የሆነ ሰው በዚሁ ኑዛዜ ምንም ነገር ሊወርስ አይችልም። ቢናዘዙልዎ እንኳ ይቀርብዎታል።»

«አውቃለሁ። ጻፈኝ።»

ወንበሯን እንኳ አላነቃነቀችም። ጠበቃው ስሟን በአራተኛው መስመር ላይ ጻፈ።

እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሁላችሁንም የሰበሰብኋችሁ ፋብሪካው ለታናሽ እህቴ እንደማይሆን፣ ሰው ባለበት፣ እሷም በተቀመጠችበት፣ በገዛ አፌ ለመናገር ነበርና። ቃሉን አልጋ ላይ ሆኜ ሳሰናዳው ከርሜአለሁ። እሷ ግን አፌን ሳልከፍት አፌን ዘጋችው። ያልነፈግኋትን ነገር ትታ፣ የመንፈግን ደስታ ከእጄ ወሰደችብኝ። ዕድሜ ልኳን እንዲህ ናት።

እንግዲህ ወደ ሥራችን እንግባ።

አንደኛ። ይህ የምኖርበት ቤት ከነዕቃው፣ በባንክ ያለኝም ገንዘብ ሁሉ፣ ለአንድ ልጄ ይሁን። ልጄ መኪና ሻጭ ነው፤ ደግ ልጅም ነው፤ ነገር ግን የያዘው ነገር ሁሉ የሚሸጥ ይመስለዋል። ቤቱን ቢሸጠው አልቀየመውም። የጓሮውን ዛፍ ግን አባቱ ስለተከለው፣ ሳይቆረጥ እንዲሸጥ አደራ እላለሁ።

ሁለተኛ። የእናቴ የወርቅ ቀለበት ለምራቴ ይሁን። እናታችን በመሞቻዋ ሰዓት ቀለበቱን ከጣቷ አውልቃ የሰጠችው ለእኔ ነበር። ታናሽ እህቴ ያን ጊዜ ባሕር ማዶ ትማር ነበር። ስትመለስ ፊቷን አየሁ፤ ይጠቁራል ብዬ ጠበቅሁ። «ለእትዬ ይገባታል» ብላ ሳመችኝ። ማንም ያልተመኘብህን ነገር ማግኘት ምን ጣዕም አለው? ምራቴ ግን ወደ ቤቴ በገባች ቁጥር ይህን ቀለበት ታየዋለች፤ ሳህን ስቀበላት እንኳ ከሳህኑ ይልቅ ጣቴን ነው የምታየው። እንደ እሷ የተመኘው የለምና ትውሰደው። (ምራቴ አለቀሰች፤ ከደስታ ይሁን ከቁጣ አልተለየም።)

ሦስተኛ፣ ዕዳን በተመለከተ። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም። ጃንጥላ አለብኝ። ጃንጥላው የመምህሩ ነው፤ ባለፈው ክረምት ተውሼው ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ቀርቷል። አሁን ሳስበው፣ መምህሩ ዛሬ ከቤቱ መውጣት ያቃተው በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ይመለስለት።

አራተኛ። አባቴ ሥራውን የጀመረበት የእንጨት የሽመና መወርወሪያ በቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እሱ ለሽመናው ሹም ይሁን። «እትዬ፣ እኔ ምን አደርገዋለሁ?» አለ። እኔም ምንም አላደረግሁበትም፤ ማየት ብቻ ነው።

አምስተኛ። ፋብሪካው።

እዚህ ላይ ውሃ ጠጥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ለልጄ ከሆነ ዓመት ሳይሞላው ይሸጣል፤ ፎቅ የሚሠሩ ሰዎች መሬቱን ከአሁኑ በዓይናቸው ለክተውታል። ለታናሽ እህቴ ከሆነ ማሽኖቹ አይቆሙም፤ ምስጋናው ግን የእሷ ይሆናል። ወይ ይፈርሳል፣ ወይ እሷ ትመሰገንበታለች። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያንገበግበኝ ለማወቅ ስንት ሌሊት ተገላብጫለሁ። ሰው ከሞተ በኋላ አይቀናም ይላሉ፤ ሞቶ ተመልሶ የነገራቸው የለም።

ለምን እንደምቀና ሳልሸሽግ እናገራለሁ፤ ልጄም ይህን ሳይሰማ አድጓልና ይስማ።

አባታችን ሀብታም ነበር። ሀብቱም ከዚሁ ፋብሪካ የወጣ ነው። ገና ከማሽን የወረደውን ብርድ ልብስ ወደ ትልቁ መስኮት ይወስድና ብርሃን ፊት ይዘረጋዋል። እኔን አንዱን ጫፍ ያስይዘኛል። እሷን አንሥቶ መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጣታል። እኔን «እጄ» ነበር የሚለኝ፤ እሷን «ዓይኔ»። «ዓይኔ፣ እስኪ ተመልከቺልኝ፤ የሳሳ ቦታ አለ?» ይላታል። ክንዴ እስኪዝል ይዤ እቆማለሁ። እሷ ጣቷን ቀስራ «እዚያ ጋ!» ስትል አባቴ ይስማታል። እኔም አይቼው ነበር። እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?

ከዚያ በኋላ እኔ ወደ ሱፍ ማበጠሪያው ክፍል ገባሁ፣ እሷ ወደ ዩኒቨርሲቲ። እኔ ቀለም በነካው እጄ ደብዳቤ እጽፍላታለሁ፤ እሷ ከባሕር ማዶ ባንክ ቤት ገብታ መሥራቷን ትጽፍልኛለች። አባታችን ሲታመም መጣች። ሲሞትም ፋብሪካው ለእኔ፣ መሐል ከተማ ያሉት ሁለት የኪራይ ሕንፃዎች ለእሷ ሆኑ። ክፍፍሉ ፍትሐዊ ነበር፤ እሷም አላጉረመረመችም።

ሕንፃዎቹን ሸጠቻቸው። ዘመድ ሁሉ አበደች አለ። እኔም በአደባባይ «ምስኪን» አልሁ፤ በልቤ ግን ሠርግ ነበር።

ያን ገንዘብ ምን እንዳደረገችበት ለማስረዳት እስከ ዛሬ ይቸግረኛል። ምጽዋት እንዳልለው ገንዘቧ ይመለሳል። ንግድ ብቻ እንዳልለው፣ ነጋዴ የሚሸሸው ቦታ ፈልጋ ነው የምትገባው። እሷን ስጠይቃት «እትዬ፣ ገንዘቤን የማስቀምጠው ሰውም እኔም አብረን የምናተርፍበት ሥራ ላይ ነው» ትለኛለች። ጋዜጦቹ የበጎ ሥራ ኢንቨስተር ይሏታል። እኛ በነበርንበት ዘመን እንዲህ ያለ ሙያ ስላልነበረ ተቀምጣ የምታይ ልጅ ሰነፍ ነበር የምትባለው።

የመጀመሪያ ገንዘቧን የሰጠችው ርካሽ መነጽር ለሚሠራ አንድ ሰው ነው። መነጽሩ ከጫማ ማስጠረጊያ ዋጋ ብዙም አይበልጥም ነበር። ሰውዬው አተረፈ፤ እሷም አተረፈች። አንድ ቀን ወደ ሽመናው ክፍል ብገባ፣ ዓይናቸው ደክሞ ክር መቀጠል አቅቷቸው የነበሩት ሴቶች ሁሉ መነጽር አድርገዋል። «እህትሽን ዕድሜ ይስጥልን፣ እትዬ» አሉኝ። በእኔ ደመወዝ በገዙት መነጽር እሷን መረቁበት! ፊት የበቀለን ጆሮ በኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው የሚባለው ለእኔ የተነገረ ነው።

ደግሞ የከሰረችበት ጊዜ አለ። ወተት በማቀዝቀዣ መኪና ከገጠር ወደ ከተማ ለሚያመጡ ወጣቶች ገንዘብ አስገባች፤ ማቀዝቀዣዎቹ መንገዱን አልቻሉትም፣ ወተቱ ተበላሸ፣ ድርጅቱ ተዘጋ። እኔ አዲስ ባርኔጣ አድርጌ ላጽናናት ሄድሁ። ለካ እሷ ባለ ላሞቹ መንደር ድረስ ሄዳ፣ የት ላይ እንደተሳሳተች አንድ በአንድ ነግራቸው፣ ይቅርታ ጠይቃ ተመልሳለች። በሚቀጥለው ሳምንት በስብሰባ ላይ ቆማ ስለዚያው ኪሳራ ስትናገር አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ብከስር «ከሰረች» ነው የምባለው። እሷ ስትከስር «ተማረች» ትባላለች።

ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ የእሷ ፎቶ የወጣበትን ጋዜጣ ቆርጦ በፋብሪካው ቢሮ ለጠፈው። «የቤተሰብ ኩራት ነው» አለኝ። የቤተሰብ ኩራት! የቀን መቁጠሪያ ሰቀልሁበት። ካሌንደሩ ባለቀ ቁጥር ሌላ እየሰቀልሁ፣ እስከ ዛሬ ድረስ እዚያው ከሥሩ አለ።

ገንዘቧን ከመስጠቷ በፊት የምታደርገው አንድ ነገር አላት። ማን መሆኗን ሳትናገር ሄዳ ከተራ ሰው ጋር ትቀመጣለች። ክሊኒክ ከሆነ ከነፍሰ ጡሮቹ ጋር ወረፋ ትይዛለች፤ ጋራዥ ከሆነ ጎማ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ለባለቤቱ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ይህ ቤት ነገ ቢዘጋ ማን ይከፋዋል?» መልሱ ካላሳመናት ቦርሳዋን አንሥታ ትሄዳለች። በየሰው ፋብሪካ ተቀምጣለች። በየሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። በእኔ ፋብሪካ አንድም ቀን አልተቀመጠችም። እኔንም ያን ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም።

ይህንስ በሆዴ ይዤ በኖርሁ። እናቶች የሚወልዱባቸው ክሊኒኮች ላይ ገንዘቧን ስታስገባ፣ ለሕፃናቱ መጠቅለያ ትንንሽ ብርድ ልብስ እንደሚገዙ ሰማሁ። ናሙና አሠራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ለስላሳ ሱፍ አላስበጠርሁም። በገዛ እጄ ይዤላት ሄድሁ። እሷም በጣቷ ዳስሳ፣ ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አይታ፣ አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«በጣም ያምራል፣ እትዬ። ግን አልችልም። ከቤተሰቤ ጋር ውል አልዋዋልም። አንዴ ካንቺ ከገዛሁ ነገ ማን ያምነኛል?»

«ባዳው ሁሉ ዘመድሽ ሆኖ እኔ ብቻ ባዳ ልሁን?»

«አንቺ እህቴ ስለሆንሽ እኮ ነው።»

የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል። ብርድ ልብሱን ከሌላ ገዛች፤ እኔ ደግሞ ክሊኒክ ድረስ ሄጄ አየሁት። የሳሳ ነው። ጫፉም አልተዘመዘመም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ስለዚህ ዛሬ ቃሌን እንዲህ ብዬ ላስጽፍ ነበር፦ ፋብሪካው ከነመሬቱ ለልጄ ይሁን፤ ቢፈርስም ይፍረስ፤ እሷ እጅ ከሚገባ ይፍረስ። ጠበቃው ብዕሩን አንሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

ከማስጻፌ በፊት ግን ልጄን አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ፋብሪካው ነገ ቢዘጋ ማን ይከፋዋል?»

«እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ?» አለ። «ማንም። ሰዉ ከውጭ የሚመጣውን ርካሹን ነው የሚገዛው። ሠራተኞቹም ካሳቸውን ይቀበላሉ። አንቺ እስካለሽ ነው እንጂ...»

አልተቆጣሁትም። መኪና ሲሸጥም እንዲህ እውነቱን ቢናገር ምናለ ብዬ ብቻ አሰብሁ። የሽመናውን ሹም ተመለከትሁት፤ መሬት መሬቱን ያያል። በአለቃ ልጅ ፊት ምን ይበል? ፋርማሲስቷ ጣቶቿን ታያለች።

«እኔ» አለች ታናሽ እህቴ።

«ምን አልሽ?»

«እኔ ይከፋኛል።»

ጠበቃው መጻፉን እንዲቀጥል በእጄ ምልክት ሰጠሁት።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አልኋት። «ምስክር ነሽ። ትተሽዋል። ዓይንሽን ሳታሺ ነው የተውሽው። የእናታችንን ቀለበት እንደተውሽው።»

«ልትከለክይኝ እንደጠራሽኝ አውቄ ነዋ! ስትከለክይኝ ከምሰማው ራሴ ብተወው ይሻለኛል ብዬ ነው።» ይህን የምትለኝ ያቺ አዳራሽ የምታስጨበጭብ ሴት ናት። «እትዬ፣ አባባ እኔን መስኮት ላይ አስቀምጦ አንቺን እጅሽን ይዞ ወደ ማሽኖቹ ይገባ ነበር። ልከተላችሁ ስል 'አንቺ ተቀመጪ፣ ቀሚስሽ ይቆሽሻል' ይለኛል። ስትመለሱ ፀጉርሽ ላይ ሱፍ አለ፤ ሁለታችሁም እኔ በማላውቀው ነገር ትስቃላችሁ። በየሰው ፋብሪካ የምቀመጠው ለምን ይመስልሻል? የእኛውን አስገብቶኝ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። አንቺም አላስገባሽኝም። ሻይ በቢሮ ነበር የምትጋብዥኝ።»

«ግቢ ብልሽ ትገቢ ነበር?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ጠይቄያት አላውቅም። ስልሳ ዓመት ሙሉ እኔ በእሷ ስቀና እሷ በእኔ ትቀና ኖሯል። ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ጠበቃው እንዲጽፍ እፈልጋለሁ፦ በጣም ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማኝ ቆይቷል። ሐኪሜ ልቤን እንዳላስጨንቅ የከለከለኝ ባይሆን ተነሥቼ አጨበጭብ ነበር። የሚመኘው ሰው ተገኘለት ፋብሪካው።

ነገር ግን ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ የሚያስቡትን ገምቻለሁ። ግን እህትዎ ምስክር ናቸው። አራት ካልሞሉ ደግሞ ኑዛዜው አይጸናም።»

እንግዲህ ይህን ነገር ማን አዘዘው አልልም፤ ዝናቡ አባርቶ ነበርና። በሩ ተንኳኳ። መምህሩ ካፊያውን ፈርቶ ኮቱን በራሱ ላይ ጥሎ፣ ጫማው ውሃ እየተፋ ገባ።

«ይቅርታ፣ እትዬ» አለ። «ጃንጥላ ስለሌለኝ እስኪያባራ ነው የጠበቅሁት።»

«ከበሩ ጀርባ ነው» አልሁት። «ተቀመጥ፤ ምስክር ነህ።»

ጠበቃውን ብዕሩን ተቀብዬ ወረቀቱን ወደ ጉልበቴ ሳብሁ። በአራተኛው መስመር ላይ የነበረውን የታናሽ እህቴን ስም ራሴ ሰረዝሁት። መስመሩ ጎብጧል፤ ሥርዙ ግን ሥርዝ ነው።

ስለዚህ አምስተኛው እንዲህ ይነበብ።

ፋብሪካው ከነመሬቱ፣ ከነማሽኑ፣ ከነሠራተኛው ለታናሽ እህቴ ይሁን። ልጄ ቤቱንና በባንክ ያለኝን ሁሉ ወስዷልና ተጎዳሁ እንዳይል። (ልጄ «አልልም፣ እማዬ» አለ። ከምራቴ በኩል ድምፅ አልተሰማም።)

የምሰጣት ግን እንዲሁ አይደለም። የምትቀመጠው በእኔ ወንበር ላይ ነው፤ ወንበሩም ፊቱን ወደ ማሽኖቹ እንጂ ወደ መስኮቱ አያዞርም። ማበጠሪያው ክፍል ስትገባ ፀጉሯን በሻሽ አትሸፍንም፤ ሱፉ ይረፍባት። በእኔ ፋብሪካ ስም ሽልማት ብትሸለም የሽመናውን ሴቶች ይዛ ትሂድ፤ መድረክ ላይም ከፊት ይቁሙ። ካሌንደሩንም አታንሣ።

የክሊኒኮቹን ብርድ ልብስ በተመለከተ፣ ከዚህ ፋብሪካ ይገዛ። ናሙናው በቁም ሣጥኔ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ እንደታጠፈ አለ። ከቤተሰብ ጋር ውል አልዋዋልም የምትለውን ሕጓን ከዚህ ጋር እንዴት እንደምታስታርቀው እኔን አይመለከተኝም። ያን ጊዜ እኔ በሰላም ተኝቼ፣ እሷ ከራሷ ጋር ስትዋዋል አያታለሁ።

ለልጄ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ በአክስትህ አትቅና። የምትችለው ሥራ አይደለም፤ እኔ ዕድሜዬን ፈጅቼበት ገና ዛሬ ነው ያተረፍሁበት።

ይህ ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጠበቃው ተነብቦልኛል፤ ምስክሮቹም አብረው ሰምተዋል፤ ዘግይቶ ለመጣው መምህርም ያመለጠው ሁሉ ተደግሞለታል። የሰጠሁትን የሰጠሁት ወድጄ ነው፤ የቀናሁትንም የቀናሁት ማንም ሳያስገድደኝ ነው። በምስክሮች ዝርዝር ውስጥ ከሚታየው ሥርዝ በቀር ሌላ ሥርዝም ድልዝም የለም። ያም ሥርዝ በገዛ እጄ የተደረገ ነው።

ተናዛዥ፦ እትዬ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ባለቤት (ፊርማ)

አንደኛ ምስክር፦ የሽመና ክፍል ሹም የነበረው (ፊርማ)

ሁለተኛ ምስክር፦ ፋርማሲስቷ (ፊርማ)

ሦስተኛ ምስክር፦ ነርሷ (ፊርማ)

አራተኛ ምስክር፦ ታናሽ እህት — ተሰርዟል

አራተኛ ምስክር፦ ጡረተኛው መምህር (ፊርማ፤ ወረቀቱ በዚህ ቦታ ረጥቧል)

ጸሐፊ፦ ጠበቃው (ፊርማ)

ፊርማው ካለቀ በኋላ ታናሽ እህት «እትዬ፣ እስከዚያው ነገ በሁለት ሰዓት ልምጣ? ማሽኖቹን አሳዪኝ» በማለቷ፣ ተናዛዟ የሚከተለው እንዲጨመር አዝዛለች፦ ሥራ የሚጀመረው በአንድ ሰዓት ነው። እንዳትዘገይ።